ሟቹ ሳይመረመር ሰዓቱ ተመረመረ

መጀመሪያ ጣቶቻቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ አውራ ጣትን ሁለት ጊዜ። ነጭ ወረቀት ያነጥፋሉ። ሰዓቱን በፊቱ ደፍተው የጀርባ ክዳኑን ጠርዝ በምላጭ ጫፍ ይፈልጉና አንድ ጊዜ ብቻ ጫን ያደርጋሉ፤ ጠቅ ይልና ይለቃል። ማጉያውን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በወረንጦ የመጀመሪያዋን ብሎን አንሥተው ወረቀቱ ላይ በስተግራ ያስቀምጧታል። ሁለተኛዋን ከጎኗ። ሦስተኛዋን ከጎኗ። ስትመለስ እያንዳንዷ ወደ ገዛ ቤቷ እንድትገባ ነው። ባለ ሰዓቱ በሱቋ መስኮት አንገቱን አስግጎ «ምን ሆኖ ነው ጋሼ?» ይላል። አራተኛዋ ብሎን። «ባትሪው ይሆን?» አምስተኛዋ። «ውሃ ገብቶበት እንዳይሆን፣ ባለፈው ሳምንት እኮ…» ይሄኔ ወረንጦው አየር ላይ ይቆማል።

«ወንድሜ፣ ገና መክፈቴ ነው። ውስጡን ሳላይ አልናገርም።»

እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ቢገባ ሦስተኛው ትንፋሽ በሚያጥረው ሱቃቸው ውስጥ ይህንኑ ሲሉ ኖረዋል። ሰዓታቸው የቆመባቸው ሚኒስትርም መጡ፣ የጥበቃ ሠራተኛም መጣ፣ ቃሉ አንድ ነው። በጠንቃቃነታቸው የማይምል የለም።

ታዲያ እኚሁ ሰው ናቸው ሰው ሳይከፍቱ የፈረዱት።

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየታክሲው የኋላ ወንበር ላይ፣ ሞት ብቻውን የማይበቃው አንድ ሰው አለ። ተራ ሰው ሲሞት እንደማንኛችንም «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዝነኛ ሰው ሲሞት ግን ሥራ የሚጀምረው ገና ያኔ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ውሃውን ማን ቀዳ፣ በሩን ማን ዘጋ፣ ሹፌሩ ለምን ያን ቀን ፈቃድ ጠየቀ። መሐላ ሳይፈጽም ዳኛ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ሐኪም ይሆናል። ንግግሩን የሚጀምረው «እኔ ማንንም አልወነጅልም» ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ውንጀላ ነው። ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው። ምናልባት አለቃችሁ። በዚህ ደረጃ ሥር ግን ሰዓት ሠሪው ናቸው፤ ከጎን ባለችው ሱቅ የምትሠራው ልብስ ሰፊ «ክቡር መርማሪ» የሚል ማዕረግ ሰጥታቸዋለች።

የሞተው ሰው የራዲዮ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማውን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ የኖረ፣ «ተነሡ እንግዲህ፤ እኔ ከተነሣሁ ቆየሁ» እያለ፣ ሁሉም «የማለዳው ድምፅ» የሚለው ሰው። አንድ ማክሰኞ ሳይነሣ ቀረ። ጠዋት ሞቱ ተሰማ፣ ከሰዓት ተቀበረ። የራዲዮ ጣቢያው ሦስት መስመር አነበበ፤ «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም»። የአስከሬን ምርመራ የሚባል ነገር አልተደረገም፤ ለምን እንዳልተደረገም ማንም አልተናገረም።

ክቡር መርማሪ ይህን ሲሰሙ ማጉያውን ከዓይናቸው አወለቁ። ቁጣቸው የእውነት ነበር፤ ይህን ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም።

«ድንገተኛ የሚባል በሽታ የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉ። «አንድ ሰው ሰዓት ይዞልኝ መጥቶ ‹ጋሼ፣ ምን ሆኖ ቆመ?› ቢለኝ፣ ‹ድንገት› ብዬ ብመልስለት፣ ነገ ይመጣል? አይመጣም። ድንገተኛ ማለት አላየነውም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በጆሯችን የኖረ ሰው ነው እኮ። አንድ ሐኪም ገለጥ አድርጎ ያላየው ለምንድን ነው?»

«ቤተሰቡ አልፈለገ ይሆናላ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክር እየበጠሰች።

«ለምን አልፈለገም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ።»

«እኮ። ለምን አልፈለገም ነው ጥያቄው።»

እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበሩ። ችግሩ ጥያቄ እንደ ጥያቄ ተቀምጦ መዋሉን መታገሥ አለመቻላቸው ነው። በዚያው ማታ የሱቆቹ መተላለፊያ ወደ ችሎት ተለወጠ። ከፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ተፎካካሪው ጣቢያ እንዳስገደለው አረጋገጠ፤ ማስረጃው የተፎካካሪው ጣቢያ አቅራቢ በቀብሩ ላይ ጥቁር መነጽር ማድረጉ ነው። አንድ ጺሙን የሚላጭ ደንበኛ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ ሰውየው ጭራሽ እንዳልሞተና ቆብ አድርጎ አውሮፕላን ሲሳፈር መታየቱን ተናገረ። «ማን አየው?» ሲባል «ያየው ሰው» አለ። ሌላው የማይክሮፎኑን ገመድ ከሰሰ።

ክቡር መርማሪ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ውድቅ አደረጉ። ወሬ አይወዱም። «ማስረጃ አምጡ» ይሉ ነበር፣ ካቻቢቴውን እንደ ጣት እየቀሰሩ። «እኔ ባለሙያ ነኝ። በመሰለኝ አልሄድም።»

ማስረጃው በማግሥቱ ረቡዕ በፀጉር አስተካካዩ ስልክ መጣ። ጣቢያው ለመታሰቢያ ብሎ የሟቹን መኝታ ክፍል ፎቶ ለጥፎ ነበር። የራስጌ ጠረጴዛ፣ መነጽር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ እና ሰዓት። ክቡር መርማሪ ሰዓቱን ያውቁታል፤ ከሁለት ወር በፊት የቆዳ ማሰሪያውን የቀየሩት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ተቀብለው፣ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ ወደ ፎቶው አቀረቀሩ።

«ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ» አሉ።

«በፎቶ ላይ የማይቆም ሰዓት አለ እንዴ ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሰዎች ሳቁ። ክቡር መርማሪ ግን አልሳቁም። «ቀኑን እዪው» አሉ። «ፎቶው የተነሣው ማክሰኞ ከቀብር መልስ ነው፤ ከሥሩ ተጽፏል። የቀን መስኮቱ ግን የሰኞን ቁጥር ነው የሚያሳየው። ቁጥሩ ደግሞ መሐል ላይ አይደለም፣ ወደ ጠርዝ ማዘንበል ጀምሯል። የዚህ ሰዓት ቀን ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው ማዘንበል የሚጀምረው። ስለዚህ ጠዋት አይደለም፣ ማታ ነው። ሰኞ ማታ፣ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ቆሟል።»

የተሰበሰበው ሰው ወደ ስልኩ ተጠጋ። እንዲህ ያለ ነገር ከሐኪምም ከፖሊስም አልሰሙም።

«ይሄ ሰዓት ባትሪ የለውም» ብለው ቀጠሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክንድ ነው የሚሞላው። ክንድ ሲንቀሳቀስ ይሞላል። ክንድ ሲቆም…» አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም።

ፀጉር አስተካካዩ ነው የጨረሰላቸው። «ሰኞ ማታ እኮ ነርስ ገብታ ነበር። የዚያ ግቢ ዘበኛ ደንበኛዬ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መርፌ የያዘች ነርስ ገባች ብሎኛል።»

«እኔ ማንንም አልወነጅልም» አሉ ክቡር መርማሪ።

ወሬው በሦስት ቀን ከተማውን ዞረ። ሲዞር ደግሞ ሰውነት ያወጣ ነበር። ሐሙስ ዕለት «አንድ ሰዓት ሠሪ እንዲህ ብሏል» ነበር። ዓርብ «አንድ የሰዓት ኤክስፐርት» ሆነ። ቅዳሜ ኤክስፐርቱ ከውጭ አገር የመጣ ነው። ነርሷ ግን ሳትለወጥ ቀረች፤ በሁሉም ውስጥ ያው መርፌ የያዘች ነርስ ናት። ክቡር መርማሪ ታሪኩ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣላቸው፣ እንደ አዲስ እየሰሙ፣ «ይኸው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም» ይሉ ነበር።

በሰኞው፣ በምሳ ሰዓት፣ መተላለፊያው ሞልቶ ሳለ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት በመስኮቷ ቆመች። አላወቋትም። ሰዓቷን ከክንዷ ፈትታ በነጩ ወረቀት ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት ይቆምብኛል።»

«መቼ መቼ?»

«ዓርብ ማታ ሳወልቀው ይሠራል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እሑድ ከሰዓት ሳየው ቆሟል። ሰኞ ሳደርገው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይሄዳል።»

ጣታቸውን ጠረጉ፣ ከፈቱ፣ አዩ። ንጹሕ ነው። ፊታቸው በራ፤ ማስረዳት የሚወዱት ነገር ነው።

«ምንም አልሆነም የኔ ልጅ። ይሄ ባትሪ የለውም። ይቺን ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ብረት ታያለሽ? ክንድሽ በተወዛወዘ ቁጥር ትዞርና ሞላውን ታጠብቀዋለች። ስታወልቂው መዞር ታቆማለች፤ ሰዓቱ ግን ወዲያው አይቆምም። ያጠራቀመውን እየበላ ይሄዳል።»

«ለስንት ሰዓት?»

«እንደ ሥሪቱ ነው። እንዲህ ያለው ሠላሳ ስምንት ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ ይቆማል። ጤነኛ ነው።»

«ለሁሉም የታወቀ ነገር ነው?»

«ለባለሙያ አዎ። ይሄን የማያውቅ ሰዓት ሠሪ ቢኖር ወረንጦውን አስቀምጦ ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

«የማለዳው ድምፅ ሰዓትስ?»

«እሱማ የዚሁ ወንድም ነው። ማሰሪያውን እኔ ነኝ የቀየርኩለት፤ ያውም ሠላሳ ስም…»

የልብስ ስፌት መኪናው ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን የደንበኛው ጆሮ ግንድ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ክቡር መርማሪ ሠላሳ ስምንትን ከስማቸው እኩል ያውቁት ነበር። ረቡዕ ዕለት ጠፍቷቸው አይደለም። ረቡዕ ዕለት አልተፈለገም።

«ይቁጠሩልኝ» አለች ሴትየዋ። ድምፅዋን አልጨመረችም። «ከሰኞ ማታ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ወደ ኋላ፣ ሠላሳ ስምንት ሰዓት ይቁጠሩልኝ።»

በወረንጦው ጫፍ ወረቀቱ ላይ ቆጠሩ። ሃያ አራቱ እሑድ ማታ አደረሳቸው። የቀረው አሥራ አራት ነው።

«እሑድ ጠዋት» አሉ። «ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ።»

«እሑድ ጠዋት ግራ ክንዴን አመመኝ ብሎ አወለቀው። እኅቱ ናት የነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ ተኛ፤ ሰኞም ከራዲዮው ፈቃድ ጠይቆ ተኛ። እኔን የጠሩኝ ሰኞ ማታ ነው። ሐኪሙ በስልክ ያዘዘውን ማስታገሻ ወጋሁትና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት አልኳቸው። ‹ነገ ጠዋት› አሉኝ። ማክሰኞ ደግሞ ይመርመር ብዬ እግራቸው ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ‹ወንድሜን ቢላ አይነካውም› አለች እኅቱ። ይመርመር ያልኩት ለሱ ብቻ አልነበረም ጋሼ፣ ለራሴም ነው። ይሄ ወሬ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ከሰዓት ሠሪ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ክቡር መርማሪ ሰዓቷን ገጠሙ። ብሎኖቹን ሲመልሱ አንደኛዋ ከወረንጦው ወደቀች፤ ተንበርክከው ፈለጓት።

«አሁን የት ነሽ?» አሉ ከወለሉ ላይ ሆነው።

«ካርድ ክፍል። በሽተኛ ‹እሷ እንዳትነካኝ› ማለት ሲጀምር፣ የክሊኒኩ ኃላፊ ነገሩ እስኪበርድ ካርድ አውጪ አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የወጋሁበት እጅ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«እኔ እኮ ስምሽን አላነሣሁም» ሊሉ ነበር። ተዉት። በዚያ ሰዓት ሰኞ ማታ እዚያ ቤት የገባችው ነርስ አንድ ብቻ ናት፤ ስም ምን ያደርግላታል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡር መርማሪ ወሬያቸውን ለመልቀም ወጡ። ሥራው ከሰዓት ብሎን ይከፋል። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደው ሠላሳ ስምንቱን ከነሂሳቡ አስረዱት። እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደወጡ ለደንበኛው ምን አለው? «ጋሼን አስፈራርተዋቸዋል። አንዲት ሴት መጥታ በጆሯቸው የሆነ ነገር አለቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቃላቸው ተለወጠ።»

በጆሯቸው አይደለም፣ እሱ እያየ ነው። ግን ያ ምንም አልለወጠም።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ ከኋላቸው የተቀመጠ ሻንጣ የያዘ ሰው የገዛ ታሪካቸውን ሲያወራ ሰሙ። ሰዓቱ በመርዙ ኃይል እንደቆመ፣ ቀኑም እንደዘመመ። ዞሩ።

«ስማኝ ልጄ፣ ያንን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዓት ሠሪው እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ሰዓቱ የቆመው እሑድ ጠዋት ስለወለቀ ነው።»

ሰውየው ከእግር እስከ ራስ አያቸው። «አይ አባባ» አለ በትሕትና። «እሳቸው እኮ ጠፍተዋል። ማን እንደወሰዳቸው አይታወቅም።»

ሌላው ተሳፋሪ «ነፍስ ይማር» አለ።

ያን ቀን ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» ብትላቸው «ሞቼ» አሉና ተቀመጡ።

ቁጣቸው አልበረደም፤ አቅጣጫው ነው የዞረው። ዛሬም «ለምን አልተመረመረም?» ይላሉ፤ ዛሬም ያንገበግባቸዋል። አንድ ሐኪም፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ይህቺ ልጅ ካርድ ክፍል አትቀመጥም ነበር ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አሁን ልብስ ሰፊዋ «ታዲያ ልብ ነው ማለት ነዋ፣ ግራ ክንዱን ካመመው» ስትላቸው፣ ወረንጦውን አየር ላይ ያቆማሉ።

«አላልኩም። አልተከፈተም። ሰዓቱ የሚነግረን እሑድ ጠዋት መውለቁን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

«አላውቅም» የሚለውን ቃል ከሳቸው አፍ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ አየቻቸው።

የክሊኒኩን ኃላፊ ሄደው አነጋገሯት። ሂሳቡን በወረቀት ጽፈው፣ ከሥሩ ፈርመው ይዘው ሄዱ። ኃላፊዋ አነበበችው። «እኔስ ሳላምን ቀርቼ ነው ጋሼ?» አለች። «በሽተኛው ነው የማይቀበላት። እሷ ትውጋኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ነገ እመልሳታለሁ። እስካሁን ማንም አልመጣም።»

እዚህ ላይ ስለ ክቡር መርማሪ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መርፌ ይፈራሉ። ያደገ ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። የሽንጥ ነርቫቸው ሲነሣ፣ ሦስት ሳምንት ጎብጠው በኪኒን የኖሩት መርፌውን ሽሽት ነው። በልጃቸው የክትባት ቀን ልጁ ዝም ብሎ እሳቸው ወድቀዋል፤ ባለቤታቸው ይህን የምታወራው እንግዳ ሲበዛ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ የክሊኒኩ መጠበቂያ አግዳሚ ሞልቶ ሳለ፣ እኚሁ ሰው ጠረጴዛው ፊት ቆመው፣ እስከ በሩ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሐኪም ያዘዘልኝ የነርቭ መርፌ አለ፤ ካርድ ክፍል ያለችው ሲስተር ትውጋኝ» አሉ። አግዳሚው ዞሮ አያቸው። ተጠራች። ስትመጣ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ጠቅልለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው እንደ ኖራ ነጥቶ አገኘቻቸው።

«በክንድ አይደለም እኮ ጋሼ፣ ይሄ በመቀመጫ ነው።»

«ሲስተር፣ ሰው እንዲያይ ነው የመጣሁት።»

«እሱንማ ሰው አያየውም» አለችና፣ ከስንት ቀን በኋላ፣ ሳቀች። መጋረጃውን ሳበች። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ክቡር መርማሪ ወጡ፤ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው። አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ዕድሜያቸውን፣ ቀለማቸውን፣ አረማመዳቸውን ካዩ በኋላ፣ «እሷ ቀላል እጅ አላት መሰለኝ፣ እኔንም እሷ ትንካኝ» አሉ።

መርፌው አሥር ነው፤ በየቀኑ። እስካሁን ስድስቱን ወስደዋል፤ ስድስቱንም ቀን አግዳሚው በሞላበት ሰዓት። ሲስተር አሁን ግማሽ ቀን ሕክምና፣ ግማሽ ቀን ካርድ ክፍል ናት። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እሷን ብለው የሚመጡት ሰዎች አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ ኃላፊዋ ሠላሳ ሲሞሉ ለሙሉ ቀን እመልሳታለሁ ብላለች።

ይህ እንደሚጻፍ ሲሰሙ ክቡር መርማሪ ስለ ራሳቸው ምንም እንዲቀነስ አልጠየቁም። የወደቀችውም ብሎን፣ ሱሪውም ይጻፍ ብለዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያነበውን ሰው ነው፦

«ያንን የሰዓት ወሬ ሰምታችኋል። ሰምታችሁ ዝም አላላችሁም፤ እኔም አላልኩም። ለማን እንደነገራችሁት ታስታውሳላችሁ። ከተማውን ሁሉ አዳርሱልኝ አልልም፣ አቅማችሁም አይደለም። ለዚያ ለነገራችሁት ለአንዱ ሰው ብቻ፣ ዛሬ፣ ተመለሱና ሰዓት ሠሪው ተሳስቶ ነበር በሉልኝ።»